ከሞዴስ ባሻገር ውሃና በር

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወር አበባዋ በትምህርት ሰዓት የመጣባት ተማሪ፣ ሞዴስ በቦርሳዋ ቢኖራት እንኳ የት እንደምትቀይረው መጨነቋ አይቀርም። መጸዳጃ ቤቱ ከወንዶቹ ካልተለየ፣ በሩ ከውስጥ የማይቀረቀር ከሆነ፣ ውሃም ከሌለ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በየወሩ የሚያመልጧት እነዚያ ጥቂት ቀናት ሲደማመሩ በዓመቱ መጨረሻ ውጤቷ ላይ ይታያሉ።

የኬሚካል መሐንዲሷ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2009 (እ.ኤ.አ.) መቀሌ ላይ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና አድርጎ ሰይሟቸዋል። በየወሩ ሞዴስ መግዛት ለሚከብደው ቤተሰብ ምርቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና የሚታጠብ ጨርቅ ውሃ፣ ሳሙናና ፀሐይ ይሻል። በኀፍረት ፍራሽ ሥር ተደብቆ ሳይደርቅ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ጨርቅ ቆዳን ያሳክካል፣ ያስቆጣል።

ይህ ኀፍረት ከዲን የመነጨ አይደለም። የፊቅህ መጻሕፍት የሐይድን ድንጋጌ በጦሃራ ምዕራፍ ያለ መሸማቀቅ ያብራራሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሐጅ ጉዞ ላይ ሐይድ መጥቶባቸው ሲያለቅሱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩ አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የጻፈው መሆኑን ነግረው አጽናንተዋቸዋል።

ትምህርት ቤቶች ሞዴስ ማደላቸው መልካም ጅምር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ የማይቋረጥ ውሃ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ፣ ልጃገረዶች ሳይሳቀቁ የሚያነጋግሯት አንዲት መምህርትም ያስፈልጋሉ። ከሁሉም የሚረክሰው የበሩ መቀርቀሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱው ነው።