መልሕቅ የት ይጣላል? ከመልካም ወደብ እስከ መላጥያ



ነፋስ በበረታ ጊዜ በሸራ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ከነፋስ ሁሉ የተከለለ ወደብ ከስንት አንድ መሆኑን ነው። አብዛኛው ወደብ የሚከለለው ከአንድ ወይም ከሁለት አቅጣጫ ነፋስ ብቻ ነው። ለዚህ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ብዙዎቻችሁ ምዕራፉን ስለ ጳውሎስ እምነት ሲነበብ ሰምታችሁታል፤ ዛሬ ግን ስለ ነፋሱ ብለን እናንብበው።

ስንዴ የጫነችው የእስክንድርያ መርከብ በቀርጤስ ደቡባዊ ዳርቻ ተጠግታ መልካም ወደብ ደረሰች። ለምን እዚያ ቆመች? ራሱ ባሕረኛ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1848 ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን ከዳርቻው ቅርጽ አገኘው። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ ደሴቲቱ ደቡባዊውን ዳርቻ ትከልላለች፤ ከወደቡ ጥቂት በስተምዕራብ ግን፣ ከማታላ የምድር ጫፍ በኋላ፣ ዳርቻው ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ከለላውም እዚያው ያበቃል። ይሁን እንጂ ወደቡ ለምሥራቅ ነፋስ ክፍት ስለሆነ ለክረምት አይመችም።

ስለዚህ አዛዡን ለመኮነን አንቸኩል። በስተምዕራብ ያለውን የፍንቄን ወደብ መመኘቱ በራሱ ሞኝነት አልነበረም። የሳተው ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ሲነሣ እንደ መሄጃ ፈቃድ በመቁጠሩ ነው። አሁን የሚነፍሰውን ነፋስ ማንም ያውቀዋል፤ ባሕረኛን የሚያስፈልገው ሌሊት የሚመጣውን መገመት ነው። ብዙም ሳይቆይ አውራቂስ የተባለው ዐውሎ ከደሴቲቱ ወረደባቸው። «ወረደ» ያልሁት በምክንያት ነው። ረጅም ተራራ ማዕበልን ይከልላል፤ ነፋሱ ግን ጫፉን ተሻግሮ በሸለቆዎች በኩል በድንገተኛ ግፊት ይወርዳል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከገደል ሥር ይልቅ ዝቅ ባለ መሬት የተከለለ ወሽመጥን የሚመርጠው።

በዐሥራ አራተኛው ሌሊት ወደ መላጥያ ሲቃረቡ ጥልቀቱን ለኩ፤ በመጀመሪያ 36፣ ቀጥሎ 27 ሜትር ያህል ሆነ። አራት መልሕቆች ከመርከቧ በስተኋላ ጣሉ። ከፊት ቢጥሉ ኖሮ መርከቧ ዞራ ጀርባዋን ለዐለቱ በሰጠች ነበር፤ እንዲህ ግን ፊቷ ወደ ምድር እንደሆነ ነጋ። በትውፊት የሚጠቀሰው ወሽመጥ ለሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ክፍት ነው፤ ከለላ አልነበራቸውም ማለት ነው። እንደ ስሚዝ አባባል ያቆያቸው የባሕሩ ወለል ነው፤ መልሕቅን አጥብቆ የሚይዝ ጭቃ። አሸዋና ጭቃ ይይዛሉ፤ ዐለትና የባሕር ሣር ያታልላሉ።

ወለሉ መልካም ቢሆንም ገመድ መቆጠብ አይገባም። መልሕቅ የሚቀበረው ወደ ጎን ሲጎተት ነው፤ ገመዱ ካጠረ ግን ወደ ላይ ይነቅለዋል። ስለዚህ ሰንሰለት ቢያንስ የጥልቀቱን 5 እጥፍ፣ ገመድ 7 እጥፍ ይለቀቃል፤ ነፋስ ሲበረታ ከዚያም በላይ። ከዚያ በምድር ላይ በአንድ መስመር የሚታዩ ሁለት ምልክቶችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ቤት፣ መርጦ መጠበቅ ነው፤ ከተለያዩና እየተራራቁ ከሄዱ መልሕቁ እየተጎተተ ነው።

እነዚያ 276 ሰዎች በጨለማ እንዲህ ያለ ምልክት አልነበራቸውም። አንዳንድ መርከበኞችም ከፊት መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊያመልጡ ሞከሩ፤ ወታደሮቹ ግን የታንኳዋን ገመድ ቆረጡ። ሲነጋ መልሕቆቹን ፈትተው በባሕር ተዉአቸው፤ ሸራም ከፍ አድርገው ወደ ዳርቻው አቀኑ። መርከቧ ተሰበረች፤ ሰዎቹ ሁሉ ግን ወደ ምድር ደረሱ።