ረመጥ፣ ጀበናና ሕፃን፦ በምድጃ ዙሪያ ስለሚደርስ ቃጠሎ

በኢትዮጵያ ገጠር የምድጃ እሳት ማታ አይጠፋም፤ ይዳፈናል። ፍሙ በአመድ ተሸፍኖ ያድርና ጠዋት አመዱ ተገልጦ፣ ጭራሮ ተጨምሮበት፣ እፍ እየተባለ ይቀጣጠላል። ክብሪት የሚቆጥብ የቆየ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ገና መራመድ ለጀመረ ሕፃን፣ ከሚንቦገቦገው ነበልባል ይልቅ ይህ የተዳፈነ እሳት የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ነበልባሉን ሕፃኑ ያየዋል፤ ሙቀቱም ሳይነካው ፊቱን ይለበልበዋል። ረመጥ ግን ላዩ ግራጫና ለስላሳ በመሆኑ ከቀዘቀዘ አመድ አይለይም። ሕፃኑ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል፣ ወይም ተደናቅፎ ሲወድቅ በመዳፉ ይደገፍበታል። ረመጡ በጣቶች መካከል ስለሚገባ ሕፃኑ ከምድጃው ከተነሣ በኋላም ማቃጠሉን አያቆምም። እንዲህ ያለው ቁስል ስፋቱ ትንሽ፣ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። መልኩ ነጭ ወይም ግራጫ ስለሚሆንና ሕፃኑም ሲነካ ብዙ ስለማያለቅስ፣ ቀላል ነው ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። አለማልቀሱ ግን የነርቭ ጫፎቹ አብረው መቃጠላቸውን ያመለክታል እንጂ የቁስሉን ቀላልነት አይደለም።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ ምክንያት ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይህ ቁጥር ከሞት ተርፎ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር የተጣበቁበትን፣ እርሳስም ሆነ ድግር መጨበጥ የማይችለውን ልጅ አይጨምርም።

አደጋው የሚበረታው ሕፃኑ መዳህ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ እግሩ ከማስተዋሉ ይቀድማል። ያየውን ሁሉ ይይዛል፣ የያዘውን ይስባል፤ ሚዛኑ ስላልጸና የተጠጋው ነገር ላይ ይወድቃል፤ ትኩስ ነገር ሲነካም እንደ ትልቅ ሰው ፈጥኖ እጁን አይሸሽም። ቆዳው ስስ በመሆኑ ትልቅ ሰውን የሚለበልብ ሙቀት እርሱን በጥልቀት ያቃጥለዋል።

ከእሳቱ ቀጥሎ መታየት ያለበት በእሳቱ ላይ የተጣደው ነው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰኮንድ ገደማ ውስጥ በሙሉ ጥልቀቱ ሊያቃጥል ይችላል፤ ለሕፃን ጊዜው ከዚህም ያጥራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከጀበና የተንቆረቆረ ቡና ጥቂት ቢቆይም ከአደጋው መጠን በላይ ነው። የቡና ሥርዓት ደግሞ በባሕርዩ መሬት ላይ የሚከናወን ነው። የከሰሉ ምድጃ፣ ረከቦቱ፣ የእጣን ማጨሻው፣ ሁሉም በሕፃኑ ዓይንና እጅ ትይዩ ይቀመጣሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ጨዋታ ስለሚደራ፣ ዓይን በበዛበት ቤት ሕፃኑን ለይቶ የሚያይ ዓይን ይጠፋል። ሽሮ፣ አጥሚትና ገንፎ ከቡና ይከፋሉ። ውኃ ፈስሶ ይወርዳል፤ እነዚህ ግን ቆዳ ላይ ተጣብቀው ሙቀታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። በልብስ ላይ ሲፈስሱም ልብሱ ሙቀቱን ስለሚይዝ ፈጥኖ መውለቅ አለበት።

ለእናቶች በብዛት የሚሰጠው ምክር «ልጅሽን ከእሳት ጠብቂ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ጥቅሙ ግን እምብዛም ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ ማገዶ የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው አንዲት ሴት ናት፤ ሕፃኑን እንድትይዝ የምትተወውም ሰባት ዓመት ያልሞላት እኅቱ ልትሆን ትችላለች። ጥንቃቄን በሰው ንቃት ላይ ብቻ መመሥረት፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ እናቲቱን ለመውቀስ ካልሆነ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። የተወቀሰች እናት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ዘግይታ ትመጣለች፣ ወይም የሆነውን ትደብቃለች። ስለዚህ የጤና ባለሙያው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ነበርሽ?» ሳይሆን «እሳቱ የት ነበር?» ቢሆን ይሻላል። መልሱ ሊለወጥ የሚችል ነገርን ይጠቁማልና።

ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ የእሳቱ ከፍታ ነው። ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ፣ በትልቅ ሰው ወገብ ልክ የተቀመጠ ምድጃ፣ የሚድህ ሕፃን አይደርስበትም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ቆሞ የሚንጠራራ ልጅ በመደቡ ጠርዝ ያለውን ድስት ስቦ ራሱ ላይ ሊደፋው ይችላል። ድስቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እጀታውም ወደ ግድግዳው ዞሮ ካልተጣደ፣ መደቡ የእግር ቃጠሎን በፊት ቃጠሎ ይለውጣል። እንጀራ መጋገሪያውን ከፍ ማድረግ ለብዙ ቤተሰብ አስቸጋሪ ነው። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ መሰል ቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርት ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስቱ ጉልቻ ይመረጣል፤ ማገዶ የሚገባበት አፍ ግን ክፍት መሆኑ አይዘነጋ። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከሰል ይቆጥባል እንጂ፣ መሬት ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ለሕፃኑ ከቀድሞው ብዙም አይለይም። በአጠቃላይ የተሻሻሉ ምድጃዎች ሲመዘኑ የኖሩት በሚቆጥቡት ማገዶና በሚቀንሱት ጭስ ነው። ሕፃን ሲነካቸው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፤ ቅድሚያው የተዛባ ይመስላል።

እሳቱን ማጠር ካልተቻለ ልጁን ማጠር ይቻላል። ማድ ቤቱ ለብቻው ከሆነ ከእንጨት የተረበረበ ግማሽ በር፣ አንድ ክፍል ብቻ ባለበት ቤት ደግሞ በአንዱ ማዕዘን የሚሠራ ዝቅተኛ አጥር ምግብ በሚበስልበት ሰዓት ሕፃኑን ያቆየዋል። የተዳፈነው እሳት በስባሪ ምጣድ ወይም በተደፋ የሸክላ ድስት ይከደን፤ ወደ ውጭ የሚጣለው አመድም ልጆች በሚጫወቱበት ደጅ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ውኃ ይፍሰስበት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የመጀመሪያ ዕርዳታን ከአገልግሎቶቹ አንዱ አድርጎ ስለያዘ፣ ይህን ቤት ለቤት ለማሳየት የሚያስችል መንገድ አለ።

በዚህ ርእስ ሥር ሊዘለል የማይገባው የሚጥል በሽታ ነው። በሽታው ያለበት ልጅ፣ ወይም ሕፃን ያዘለች እናት፣ በእሳት ዳር ሳሉ ቢወድቁ ራሳቸውን ማንሣት አይችሉም። በአንዳንድ አካባቢ የወደቀውን ሰው የነካ በሽታው ይጋባበታል የሚል እምነት ስላለ፣ ከእሳቱ የሚያወጣው ሰው ይዘገያል፤ ቃጠሎው እስከ አጥንት የሚዘልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው በመንካት እንደማይተላለፍ ለቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም መነገር አለበት። ጥልቅ ቃጠሎ ይዞ የመጣን ሁሉ ስለ መውደቅ መጠየቅ፣ ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት የጀመረውም እንዳያቋርጥ መከታተል፣ ከቃጠሎ መከላከያዎች ሁሉ ርካሹ ሳይሆን አይቀርም።

እሳት ሳይነካም ይገድላል። አራስና ጨቅላ እንዳይበርዳቸው በሚል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ከሰሉ ጭሱ ካለቀና ከቀላ በኋላም ጋዙን ማውጣቱን ስለማያቆም «ጭሱ ወጥቶለታል» ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት አያድንም። ራስ ምታት፣ ማስመለስና መፍዘዝ በአንድ ቤት ባሉ ሰዎች ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ይህ ሊጠረጠር ይገባል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጊዜ ጤናማ የሚመስል ቁጥር ስለሚያሳይ ሊያሳስት ይችላል፤ መለኪያውን ሳይሆን ታሪኩን በማመን ያለ መዘግየት ከፍተኛ ኦክስጅን መስጠት ያስፈልጋል።

ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው ውኃ ነው። የተቃጠለው ክፍል ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ሊፈስበት ይገባል፤ አደጋው ከደረሰ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እንኳ ጥቅም አለው። ውኃ ቁስሉን ያሳብጠዋል የሚል ስጋት ያላቸው ቤተሰቦች ስላሉ ይህ በግልጽ ይነገር። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቦታ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ቅንጦት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በጣሳ እየቀዱ፣ የፈሰሰውን በሳፋ እያጠራቀሙ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይደረግበት። ጨቅላ ከሆነ ወይም ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ቁስሉ ሲቀዘቅዝ ቀሪው አካል ይሸፈን፤ ሰውነቱ ከመጠን በላይ እንዳይቀዘቅዝ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙናና የቡና ዱቄት ሙቀቱን ያፍናሉ፤ ቁስሉንም ለማየት ያስቸግራሉ። እበት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታን ሊያስከትል ይችላል። ማር ለቃጠሎ ቁስል መሸፈኛነት የተጠናና ጥቅም የታየበት ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ሰዓት የውኃን ቦታ አይተካም።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ የቃጠሎው ስፋት ይለካ። የዘጠኝ ሕግ የሚባለው የአዋቂዎች አለካክ ለሕፃን አይሆንም፤ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ራስ ብቻውን ከሰውነቱ ቆዳ 18 በመቶ ያህል ነውና። የራሱ የሕፃኑ መዳፍ ከነጣቶቹ አንድ በመቶ ተብሎ ይቆጠር፤ ቀልቶ ብቻ ያላበጠውና ያልተላጠው ቆዳ ከቁጥሩ አይግባ። ስፋቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ወይም ፊትን፣ እጅን፣ እግርን፣ ብልትን ወይም መገጣጠሚያን የነካ ከሆነ ሕፃኑ ተኝቶ ይታከም። የደም ሥር ፈሳሹ ከዕለት ፍላጎቱ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ቃጠሎ በኪሎ 4 ሚሊ ሊትር ነው። ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚመዝንና 15 በመቶ የተቃጠለ ሕፃን ለቃጠሎው 600፣ ለዕለት ፍላጎቱ 1,000፣ በጠቅላላው 1,600 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። ግማሹ፣ ማለትም 800፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ቃጠሎው ከደረሰበት ጊዜ እንጂ ሕፃኑ ከመጣበት አይደለም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከደረሰ 800ው በቀሩት 5 ሰዓታት ይገባል። ስሌቱ መነሻ ብቻ ነው፤ መጠኑን የሚያስተካክለው የሽንቱ መጠን፣ በሰዓት ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። የቴታነስ ክትባቱ ይጣራ። የሕመም ማስታገሻ ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት ይሰጥ። ኢንፌክሽን ሳይታይ ለመከላከያ ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ መስጠት አያስፈልግም።

የመዳፍ ቃጠሎ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣቶች አንድ ላይ ከተጠቀለሉ አንድ ላይ ይሽራሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይሸፈን። ሕፃኑ እጁን ጨብጦ መያዝ ይወዳል፤ ሕመሙን የሚያቀልለት አያያዝ ግን እጁ ተኮራምቶ እንዲቀር የሚያደርገው ያው አያያዝ ነው። መዳፉ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹም ተለያይተው ስፕሊንት በሚባለው መደገፊያ ይያዙ፤ ቁስሉ ከሻረ በኋላም ጠባሳው ለወራት እየተሳበ ስለሚቆይ ሌሊት ሌሊት መታሰሩ ይቀጥል። መኮራመት ከጀመረ ወይም ቁስሉ በሦስት ሳምንት ካልሻረ ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ አለበት። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የምርመራው ውጤትና የመድኃኒቱ ስም ብዙ ጊዜ በደንብ ይጻፋል፤ ምድጃው ግን አይጻፍም። ሕፃኑ የሚመለሰው እዚያው ቤት ስለሆነ፣ በቀበሌው ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚላከው ማስታወሻ የእጁ ስፕሊንት መቼ እንደሚታይና የቤቱ እሳት የት እንደሚነድ ሊይዝ ይገባል።