የጃዝ ታሪክ ከየት ይጀመር?

የጃዝ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የኖረው ሸክላ እየተከተለ ነው፤ ማን መቼ ቀረጸ፣ ከማን ጋር ተጫወተ። ይህን ልማድ የነቀነቁት ሙዚቃውን ከተጫዋቾቹ ኑሮ ጋር ያያያዙ ጸሐፊዎች ናቸው። አሚሪ ባራካ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ብሉዝ ፒፕል» የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ በዜማቸው በኩል አነበቡ። ፍራንክ ኮፍስኪ በ1970 ጃዝን ከጥቁሮች የነፃነት ትግል ጋር አገናኝተው ጻፉ፤ ጥቁሮች የፈጠሩትን ሙዚቃ ገቢ ማን እንደሚወስድም አጥብቀው ጠየቁ። ከእኛ ወገን የዚህ መስክ ሰው አሸናፊ ከበደ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት እኚህ ምሁር በ1982 ስለ ጥቁር ሙዚቃ ሥር በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካን ድምፅ፣ መሣሪያና ውዝዋዜ በአንድ ላይ መረመሩ። የጃዝ ታሪክ ከሸክላው በፊት ከነበረው አፍ መጀመር አለበት የሚለው ሐሳብ፣ በእኔ እምነት፣ ከዚህ ሥራ የምንወስደው ትልቁ ቁም ነገር ነው።

ወደ አሜሪካ በባርነት የተጋዙት በአብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰዎች ስለሆኑ ኢትዮጵያ ምን አገናኛት የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጃዝ ከእኛ አልተወለደም። ዝምድናው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በ1871 ቴነሲ ውስጥ የተቋቋመው የፊስክ ዘማሪያን ጓድ አባላት አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ የወላጆቻቸውን መዝሙር ለዓለም ያሰሙት እነሱ ናቸው። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖም ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ሆና በቃሏ የያዘቻቸውን የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ጻፈች፤ ከተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 ታተመ። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ ሄደው፣ ኦነሲሞስ በነቀምቴ፣ አስቴር በነጆ አስተማሩ። ከአገሩ የተነቀለ ሰው ዜማውን ይዞ መሄዱ፣ ያንንም ራሱ መዝግቦ ማኖሩ፣ በሁለቱም ምድር የሆነ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ታሪክ ድምፁን በፖለቲካ ይሸፍነዋል የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ኮፍስኪም አንዳንዴ ለዚህ ወቀሳ በር ከፍተዋል። ሆኖም ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የተጫወተውን ሽለላ የሚያውቅ አድማጭ፣ ትንፋሹ የሚቆረጥበትንና የሚደነፋበትን ቦታ ከማያውቀው ይልቅ አጥርቶ ይሰማዋል። የወለጋ ኦሮሞዎች ገረርሳም እንደ ሽለላ የጀግና ቃል ነው። ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሰፋሪዎች በሚኖሩባት የወለጋ ከተማ አንገር ጉቲን ገረርሳና ሽለላ ጎን ለጎን ሊደመጡ ይችላሉ፤ የአሸናፊን መንገድ የሚከተል ተመራማሪ መቅረጫውን መጀመሪያ የሚከፍተው እዚያ ነው።