የመተማ ዛፎች፣ ከቅርፊት በታች

መተማ ላይ ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ወር ያህል የፀሐይ ነው። በዚህ ቆላ የእጣን ዛፍ፣ ቅርቅራና የተለያየ ግራር ጎን ለጎን ይበቅላሉ። በጋው እኩል ይጠብሳቸዋል፤ አኗኗራቸው ግን እኩል አይደለም። ለልዩነቱ ሥርም ቅጠልም ድርሻ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሰዎች ለማገዶና ለቤት ማገር ብቻ የሚያዩት እንጨት ነው።

ዛፍ ውሃን ወደ ላይ የሚገፋበት ልብ የለውም። ፀሐይ ከቅጠሉ ላይ ውሃ ስታተን የወጣው የቀረውን ይስባል፤ በእንጨቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃም ከቅጠል እስከ ሥር እንደ ገመድ ይወጠራል። ይህን ማብራሪያ አየርላንዳውያኑ ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ በ1894 እ.ኤ.አ. አቅርበውታል፤ እስከ ዛሬም የዘርፉ መሠረት ነው። ግፊት ሳይሆን ስበት መሆኑ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የድርቅ አደጋ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

አፈሩ ሲደርቅ ያለውን ጥቂት ውሃ አጥብቆ ይይዛል። ዛፉም አብዝቶ መሳብ አለበት፤ ውጥረቱ ይጨምራል። ቱቦዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በስስ ሽፋን በተከደኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ውጥረቱ ከልክ ሲያልፍ ከጎን ካለው ባዶ ቱቦ አየር በሽፋኑ ሾልኮ ይገባል፤ አረፋው ይሰፋል፤ የውሃው መስመር ይበጠሳል። አንድ ቱቦ ቢዘጋ ዛፉ አይጎዳም። ብዙዎቹ ከተዘጉ ግን ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል፤ ዘግይቶ የመጣ ዝናብም ላያድነው ይችላል።

እንግዲህ ምን ዓይነት እንጨት ይሻላል? የቱቦ ስፋት እጥፍ ሲሆን ሊያሳልፍ የሚችለው ውሃ 16 እጥፍ ይሆናል። በአጭር ክረምት ቶሎ ማደግ ለሚፈልግ ዛፍ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በጥቅሉ ሲታይ ሰፊ ቱቦ ያላቸው ዛፎች ለአረፋው ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ አንዱ ሰፊ ቱቦ ሲዘጋም የሚጓደለው ውሃ ብዙ ነው። ሁለቱንም ጥቅም ሙሉ በሙሉ የያዘ ዛፍ የለም።

ቅርቅራን የቆረጠ ሰው የመጥረቢያውን ስለት ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ጠንካራና ከባድ እንጨት በአብዛኛው ግድግዳቸው የወፈረ ህዋሶች የታጨቁበት ነው፤ ቱቦዎቹ በውጥረት ብዛት ወደ ውስጥ እንዳይጨፈለቁ እነዚህ ህዋሶች ይደግፏቸዋል። ዛፉ ብዙ ውጥረት ይችላል። ዋጋውን የሚከፍለው በእድገቱ ነው፤ እያንዳንዱ ክንድ እንጨት ብዙ ስኳር ይበላል፤ በውስጡም ውሃ ለማጠራቀም ቦታ አይተርፍም።

የእጣን ዛፍ ሌላ መንገድ መርጧል። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ውሃ የሚይዙ ሕያው ህዋሶች አሉት። ክረምቱ ሲያልፍ ውጥረቱን ለመቋቋም አይታገልም፤ ቅጠሉን አራግፎ የሚተነውን ውሃ ይገታል። በበጋ ራቁቱን የቆመውን የእጣን ዛፍ ያየ መንገደኛ ሞተ ሊል ይችላል። ዛፉ ግን በዚያው በጋ፣ ቅጠል ሳይኖረው፣ አብቦ ፍሬ ይይዛል። እኔን በዚህ ዛፍ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በኮስታሪካ ጓናካስቴ ደረቅ ደን ታይቷል። ሮልፍ ቦርቸርት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቀላል እንጨት ያላቸው ዛፎች በግንዳቸው ባጠራቀሙት ውሃ በድርቅ መካከል ሲያብቡ፣ በደረቅ ስፍራ የበቀሉ ጠንካራ እንጨት ያላቸው ዛፎች እጅግ ደርቀው ዝናብ ይጠብቁ ነበር። ባኦባብ የተባሉት የማዳጋስካር ዛፎችም በግንዳቸው ውሃ ከዝናቡ ቀድመው ቅጠል ያወጣሉ።

ጠንካራ እንጨት ያለው ሁሉ ተማምኖ ይኖራል ማለት አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከዓለም ዙሪያ 226 የዛፍ ዝርያዎችን መርምሮ፣ 70 በመቶዎቹ የሚኖሩት ቱቦዎቻቸው ክፉኛ ወደሚዘጉበት ወሰን ተጠግተው መሆኑን አሳይቷል። ይህም በእርጥብ ደንም በደረቅ ደንም ያው ነው። ዛፉ የተሠራው ለለመደው ድርቅ ነው፤ ከዚያ የከፋ ሲመጣ ያለው ትርፍ አቅም ትንሽ ነው።

እጣን የሚወጣው ከእንጨቱ ሳይሆን በውስጠኛው ቅርፊት ካሉ የሙጫ ቱቦዎች ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቅርፊቱን ብቻ ፍቆ እንጨቱን ሳይነካ ያቆማል። የጠለቀ ቁስል ውሃ የሚሄድበትን አካል ይነካል፤ ለነቀዝም በር ይከፍታል። የማድማቱ ሥራ የሚካሄደው ደግሞ ዛፉ ቅጠል በሌለው፣ ምግብ በማይሠራበት በበጋ ነው። ሙጫውም ፍሬውም የሚመጡት ከዚያው ከክረምት ስንቅ ስለሆነ፣ አብዝቶ የደማ ዛፍ ፍሬው ይቀንሳል።

እንጨቱ ታሪክም ይይዛል። የእጣን ዛፍ በክረምት አድጎ በበጋ ስለሚቆም በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። መተማ ላይ እነዚህን ቀለበቶች የቆጠሩ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንደዘገቡት፣ ላለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አሮጌዎቹን የሚተኩ ወጣት ዛፎች አልተገኙም። ችግኝ ግን ይበቅላል። ውሃ የሚያጠራቅምበት ግንድ ገና ስለሌለው ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ በበጋ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ግንድ እስኪያወጣ ድረስ ይህን ለዓመታት መደጋገም አለበት፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ከብት ከጋጠውና የበጋ ቃጠሎ ካገኘው ወደ ዛፍነት አይደርስም።