ዝም ያለችው ማሽላ

(ምስል፦ የአዲስ አበባ–አምቦ መንገድ፣ ረፋድ ላይ። አይሱዙ ያልፋል፤ ባጃጅ ተሳፋሪ ያወርዳል።)

ተራኪ፦ ወደ አምቦ የሚሄድ ተሳፋሪ ሆለታንና አዲስ ዓለምን ካለፈ በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል። የሚነቃው ግንጪ ሲደርስ ነው። መካከል ላይ ያለችው ኦሎንኮሚ እንቅልፍ ላይ ሳለ ታልፈዋለች። አንዳንዱም ቢነቃ ጥቁሩን አፈርና የጤፉን ማሳ አይቶ መልሶ ያንቀላፋል።

በዓለም የእርሻ ሳይንስ መንደር ግን ኦሎንኮሚ ስሟ ይጠራል። ገቢሳ ኤጄታ የተወለደው እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱ ክዳኑ ሣር፣ ወለሉ ጭቃ፣ ክፍሉም አንድ ብቻ ነበር።

(ድምፅ፦ የመኪናው ድምፅ ይጥፋ። የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማ።)

እናቱ ልጄ ይማራል ብለው ቆርጠዋል። ትምህርት ቤቱ ያለው በጎረቤት ከተማ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ልጁ እሑድ ሲመሽ ተነሥቶ በእግሩ ይሄዳል። ሳምንቱን ተምሮ ዓርብ ደግሞ ያንኑ 20 ኪሎ ሜትር ይመለሳል። ይህ ርቀት ዛሬ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እስቲ አንድ እሑድ ማታ አስቡት፦ የሰፈሩ ልጆች እሳት ዳር ተሰብስበዋል፤ እሱ ጨለማውን እየገመሰ ይጓዛል። እኛ ይህን ታሪክ ስንሰማ ደጋግመን ያሰብነው ስለ እናቲቱ ነበር። ልጅን ለሥራ እቤት ማስቀረት ቀላል በነበረበት ዘመን፣ በየሳምንቱ ከደጃፍ ሸኝቶ እስከ ዓርብ መጠበቅን የመረጡት እሳቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ አገር አቀፍ ፈተናውን አለፈ። ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ዓለማያ ኮሌጅ፤ በ1973 በዕጽዋት ሳይንስ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጡትን የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴልን አገኘ፤ አብሯቸው የማሽላ ዝርያ ሰበሰበ። በተከታዩ ዓመት ፐርዱ ባለበት በአሜሪካ ኢንዲያና ነበር። በ1978 ዶክተር ሆነ፤ ከዚህ ወዲያ እኛም አንቱ እንላቸዋለን።

(ምስል፦ የአቀንጭራ አበባ በቅርብ። ሐምራዊ፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው።)

ይህን አበባ ተመልከቱ። የሚያምር ነው። የወሎ፣ የትግራይና የሐረርጌ ገበሬ ግን ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል። አቀንጭራ ነው።

አቀንጭራ እንደ ሌላው አረም ከጎን በቅሎ አይሻማም። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። ማሽላው ከላይ ዝናብ ያጣ ይመስላል፤ ከሥር ግን እየተጠባ ነው። አንዷ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትረጫለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይተኛል። አባት ያልዘራውን ልጅ ያጭዳል ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ተኝቶ ማሽላ መዘራቱን በምን ያውቃል? ማሽላዋ ራሷ ትነግረዋለች። በሥሯ በኩል ወደ አፈሩ ኬሚካል ታመነጫለች፤ አቀንጭራም ያንን ሲያገኝ ይነቃል። ጠላቷን የምትጠራው እሷው ናት።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ሱዳን ውስጥ ከሠሩ በኋላ በ1984 ወደ ፐርዱ መምህር ሆነው ሲመለሱ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር የያዙት ጥያቄ ይህ ነበር፦ የማትጠራ ማሽላ ትኖር ይሆን? ፍለጋውን ከማሳ ወደ ጠረጴዛ አመጡት። በብርጭቆ ሳህን ላይ እንደ ሙጫ የሚረጋ፣ አጋር የሚባል ነገር ያፈሳሉ፤ የአቀንጭራ ዘር ይበትኑበታል፤ አንዲት የማሽላ ቡቃያ ይተክሉበታል። ከዚያ በማስመሪያ ይለካሉ፤ ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ላይ ያለ አቀንጭራ ነቃ? አንዳንዷ ማሽላ ዙሪያዋን ሁሉ ትቀሰቅሳለች። አንዳንዷ አጠገቧ ያለውን እንኳ አትቀሰቅስም፤ ዝም ትላለች።

ዝም ያሉትን መርጠው፣ ምርት ከሚሰጡት ጋር አዳቀሉ። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ወደ 12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። ወደ አገራችን ከገቡት መካከል ሁለቱ ጎብዬና አብሽር ተባሉ። አብሽር! ተስፋ ለቆረጠ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? የዝምታው ምስጢር የትኛው ዘረ መል ላይ እንዳለ ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2017 አሳተሙ።

(ምስል፦ ዴ ሞይን፣ ጥቅምት 2009። የሽልማት ሥነ ሥርዓት፤ ከዚያ ባዶ ማሳ።)

በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከ250 ሺህ ዶላር ጋር ተቀበሉ። በ2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ።

  የዘሩን መንገድ ስንከተል ሌላ ጥያቄ ተነሣብን፦ ዘር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የሚሄደው በማን እጅ ነው?

የፕሮፌሰሩ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ሱዳን ውስጥ ነው። በ1983 የወጣችው ሀጂን ዱራ፣ በአፍሪካ ለገበያ የቀረበች የመጀመሪያዋ ድቅል ማሽላ ነበረች። ድርቅ ትችላለች፤ ምርቷም ከአገሬው ማሽላ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ድቅል ናት። የድቅል ጉልበት የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው፤ ከምርቱ ዘር ቆጥቦ የዘራ በተከታዩ ዓመት ይከስራል። ስለዚህ የሚያባዛ፣ የሚያጣራ፣ የሚያረጋግጥና የሚሸጥ ያስፈልጋል። ሱዳን ውስጥ የገዚራ ገበሬዎች ድርጅቶች ጭምር ገቡበት። በ1999 ሀጂን ዱራ በአንድ ሚሊዮን ኤከር ላይ ተዘርታ ነበር።

(ምስል፦ ከአምቦ በጉደር በኩል ወደ ባኮ።)

ይህን የድቅል ዘር ሕግ ለመረዳት ሱዳን መሄድ አያስፈልግም። መንገዱን ወደ ምዕራብ ቀጥሉና ባኮ ድረሱ። በስሟ የሚጠራው የምርምር ማዕከል በ1993 ቢ ኤች 660 የተባለውን ድቅል በቆሎ አወጣ፤ ‘ቢ’ው ባኮ ነው። ከጊዜ በኋላ ሾኔና ሊሙ የተባሉት የፓዮኒር ኩባንያ ድቅሎችም ይሸጡ ጀመር። ገበሬው በየዓመቱ ይገዛል። ምርቱ ጥሩ ነውና አይቆጭም፤ ዘሩ ሲዘገይና ክረምቱ ሲገባ ግን ይጨነቃል።

ጎብዬና አብሽር ግን ድቅል አይደሉም። አንድ ጊዜ ያገኛቸው ገበሬ ደህና ደህናውን ዛላ መርጦ ሰቅሎ ለከርሞ ያስቀምጣል። ለገበሬው ይህ ስጦታ ነው፤ ለነጋዴው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛ ደንበኛ ነው። በየዓመቱ የሚሸጥ ዘር ማስታወቂያም ወኪልም ያገኛል፤ ከጎተራ የሚወጣ ዘር ግን የሚያስታውሰው ያስፈልገዋል። እኔ በበኩሌ ሳይንሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚያሳስበኝ ከሳይንሱ በኋላ ያለው መንገድ ነው።

አቀንጭራ በሚያስቸግራችሁ ወረዳዎች ያላችሁ የገበሬ ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና ዘር አባዢዎች፦ ጎብዬንና አብሽርን በአቅራቢያችሁ ካለው የምርምር ማዕከል በስማቸው ጠይቁ።