«ቬሪ ቤተር» ብለው እንዳይጽፉ!

አንድ ወዳጃችን በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ «ልምዴ ከበፊቱ በጣም ይሻላል» ለማለት «ቬሪ ቤተር» አለ። ደግነቱ ሳያስገባው እህቱ አየችበት።

ስህተቱ የመጣው ከአማርኛችን ነው። እኛ «በጣም ጥሩ» እንላለን፣ «በጣም ይሻላል»ም እንላለን፤ አንዷ «በጣም» ለሁለቱም ትበቃለች። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። «ቬሪ» ከ«ጉድ» ጋር እንጂ ከ«ቤተር» ጋር አትሄድም። ሲያወዳድሩ «ማች ቤተር» ወይም «ፋር ቤተር» ይበሉ። «ኤ ሎት ቤተር» ለጨዋታ ያምራል፤ ለማመልከቻ ግን ይቅርብዎ። ብልጫው ትንሽ ከሆነ «ስላይትሊ ቤተር» አለልዎ። «ሞር ቤተር»ማ ጭራሽ አይነሳ! «ቤተር» ራሱ «የበለጠ»ን በሆዱ ይዟል።

እንግዲህ ማመልከቻዎን ከመላክዎ በፊት «ቬሪ»ን ይፈልጓት። ቀጥሎ «ቤተር» ካለ፣ በ«ማች» ይተኳት።