ቀስቶቹ የት ገቡ? በቻርት ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ ስህተት አፈላለግ

ፕሮግራም ስንጽፍ ይበልጥ የሚያስቸግረን ኮምፓይለሩ የሚነግረን ስህተት አይደለም። እሱማ መስመሩን ቆጥሮ ያሳየናል። አስቸጋሪው ያለ ምንም ኤረር እየሠራ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ስህተት በአንድ የንግድ ቻርት ላይ እንዴት እንደፈለግሁት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሜታትሬደር 4 እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ የምንዛሪ ዋጋን በቻርት የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው የሲ ቋንቋን በሚመስለው ኤምኪውኤል 4 የራሱን ኢንዲኬተር ሊጽፍለት ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ከሌላ ሰው ያገኘውን ኢንዲኬተር አመጣልኝ። ዋጋው ወርዶ ሲነሳ ከባሩ ሥር ቀስት ያስቀምጣል። ያለፉትን ወራት ወደኋላ ሄደን ስናይ ቀስቶቹ በሙሉ ልክ ከታችኛው ጫፍ ላይ ናቸው፤ አንድም የሳተ የለም። ጓደኛዬ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊያስገባበት ተነስቶ ነበር። ግራ ያጋባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠዋት ያየው ቀስት ከሰዓት በኋላ የለም!

በመጀመሪያ ኮዱ ውስጥ የፕሪንት ትእዛዝ አስገብቼ የባሩን ሰዓትና ቀስቱ የተሳለበትን ወይም የተሰረዘበትን ሰዓት እንዲመዘግብ አደረግሁ። በአንድ ሰዓት ቻርት ላይ፣ በሰርቨሩ አቆጣጠር፣ የ10:00 ባር ቀስት 11:05 ላይ ተስሎ 11:40 ላይ ተሰርዟል።

ነገሩን ለመረዳት የባሮቹን አቆጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። በኤምኪውኤል 4 ባር 0 ማለት አሁን በመሠራት ላይ ያለው ነው። ባር 1 ከእሱ በፊት የተዘጋው፣ ባር 2 ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ትናንት፣ ሲቀንስ ወደ ነገ እንሄዳለን። ኮዱ የሚጠይቀው የባር 5 ዝቅተኛ ዋጋ ከባር 6 እና ከባር 4 ያነሰ መሆኑን ነው። ባር 4 ግን ለባር 5 የወደፊት ጊዜ ነው!

ተራው የባር 1 ሲሆን ደግሞ የሚወዳደረው ገና ካልተዘጋው ባር 0 ጋር ነው። የ10:00 ባር ዝቅተኛ ዋጋ 1.2500 ነው እንበል። 11:05 ላይ የአዲሱ ባር ዝቅተኛ 1.2510 ስለሆነ ቀስት ይሳላል። 11:40 ላይ ወደ 1.2495 ሲወርድ ሁኔታው ይፈርሳል፤ ኮዱም ቀስቱን ያጠፋል። እንግዲህ ታሪኩ ላይ የሚቀሩት የተሳካላቸው ብቻ ናቸው። የሳቱት ተሰርዘዋላ! “አንድም አይስትም” ያሰኘው ይኸው ነው።

ማስተካከያው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሉፑ ከባር 2 ይጀምር፤ ያኔ ጎረቤቱ ባር 1 የተዘጋ ነው። ሁለተኛ፣ ቀስቱ ጫፉ ላይ ሳይሆን ምልክቱ በታወቀበት ባር ላይ፣ ማለትም ሁለት ባር ቆይቶ ይሳል። ለ10:00 ባር ይህ 12:00 ነው። ሦስተኛ፣ ጎረቤት ባር እንዳይጠፋ ሉፑ ከመጨረሻው አሮጌ ባር በፊት ይቁም።

ከዚህ በኋላ ቻርቱ አላማረም። ቀስቶቹ ዋጋው ከተነሳ በኋላ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም ይስታሉ። እውነቱ ግን ይህ ነው። ጓደኛዬም ገንዘቡን ይዞ በዴሞ አካውንት መሞከሩን መረጠ። ወደኋላ የሚስል ሁሉ ግን ብልሹ ነው ማለት አይደለም። የታወቀው የቢል ዊልያምስ ፍራክታል ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ባር ስለሚጠይቅ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አይታለልም።

ትምህርቱ ለቻርት ብቻ አይደለም። የዝናብ መጠንም ሆነ የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚተነብይ ፕሮግራም የምንጽፍ ተማሪዎች፣ ውጤቱ ከመጠን በላይ ሲያምር “ይህን ቁጥር በዚያች ሰዓት ማወቅ ይቻል ነበር ወይ?” ብለን ኢንዴክሶቹን አንድ በአንድ እንጠይቅ።